የገነነ ማሽን

«ማን ሞተ?» አሉ አያ ቢያድግልኝ፣ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገና ሳይገልጡ።

ያይኔአበባ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። በረንዳ ወጥታ፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ ያወራች መስሏት ነበር። ነገር ግን የፍኖተ ሰላም የኪራይ ቤት ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ አከራይዋ ጓዳ ውስጥ ሲያስነጥሳቸው ተከራዩ ሁሉ «ይማርዎት» የሚልበት ግቢ ነው። አጎቷ ከንግግሩ ሁሉ የሰሙት «ነፍስ ይማር» ያለችውን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሞተ ሰው ስም ሳይጠይቁ አያልፉም። «የለም አያ፣ የሩቅ ሰው ነው፤ አያውቁትም» አለች። ሽማግሌው ተነስተው ተቀመጡና «ማንም ይሁን፣ ነፍሱን ይማር» ብለው አማተቡ። ያይኔአበባ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ላሙቅ ብላ ዞር አለች። ፊቷ ግሏል። ውሸቷ ትንሽ ናት፣ ደግሞም ለአንድ ቀን ብቻ ናት ብላ ራሷን አጽናናች።

ስልኩ ላይ የነበሩት ቡሬ የሚኖሩ ደስታነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። የሚሸጥ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን እንዳላቸው ያይኔአበባ የሰማችው ከሳምንት በፊት ነው፤ ለምን እንደሚሸጥ ግን የሰማችው ገና ዛሬ ማለዳ ነው። የልጃቸው የገነነ ነው። ገነነ ሁለት ዓመት ሙሉ በቡሬ ከቤት ቤት እየዞረ ምንጣፍና ሶፋ ሲያጥብበት ቆይቶ አምና በኩላሊት ሞተ። ታሞ በተኛ ጊዜ እናቱ ሊሠሩበት ሞክረው ነበር፤ አቅም አነሳቸው። ከሞተ በኋላ ዕቃውን ሸፍነው ዓመት ሙሉ አስቀመጡት። ባለፈው ወር ሙት ዓመቱን ዘከሩ፣ ጥቁራቸውን አወለቁ፣ አሁን ተቀምጦ ከሚዝግ ለሚሠራበት ሰው ልስጠው ብለው ቆርጠዋል። «አርባ አምስት ሺህ ነው የኔ ልጅ። ገነነ ይህን ያህል ያወጣል ብሎኝ ነበር፤ እኔ እንግዲህ ሌላ አላውቅም» አሏት። ያይኔአበባ ነፍስ ይማር አለች፤ ከልቧም ነው ያለችው።

እሷ ያላት ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር ነው። ስምንት ዓመት ሆቴል ክፍል ስታጸዳ፣ እንግዳ ቢራ የደፋበትን ምንጣፍ ተንበርክካ በብሩሽ ስትፈትግ ያጠራቀመችው ነው፤ ጉልበቷ ላይ ያለው የጠቆረ ቆዳ ይመሰክራል። ከዚሁ ላይ ሳሙና አለ፣ የውሃ ቱቦ አለ፣ ቧንቧ ያለበት ግቢ ኪራይ አለ። ጊዜውም እያጠረ ነው። ጥር ገብቷል፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ከተማው ሁሉ ሠርግ ነው። አንድ የሠርግ ቤት አሥራ ሁለት ምንጣፍ ሊያሳጥባት ቃል ገብቶላታል፤ በዚህ ሳምንት ማሽን ይዛ ካልቀረበች ግን ከባሕር ዳር ሰው እናስመጣለን ብለዋታል። ሥራዋን የለቀቀችው ይህን ቃል ይዛ ነው። ወደ ሆቴሉ ተመልሳ ማሩኝ እንደማትል ታውቃለች፤ ስትወጣ ጥቂት የማይባል ጉራ ነዝታባቸው ነበርና።

አጎቷን ከገጠር ያስመጣቻቸው ለዚህ ነው። አያ ቢያድግልኝ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ በበሬ ገበያ ዋጋ በመስበር ስማቸው የተጠራ። የእርሻ በሬ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ይዞ ለመሄድ ደጅ ይጠናል። ጥርስ ያያሉ፣ ሰኮና ያነሳሉ፣ በሬውን ወዲያ ወዲህ ያስነዳሉ፤ ከዚያ ማጣጣል ይጀምራሉ። ማጣጣል በእነሱ አገር የግብይት ወግ ነው። ገዢ ያጣጥላል፣ ሻጭ ይምላል ይገዘታል፣ ሁለቱም ነገሩ ለወጉ መሆኑን ያውቃሉ፣ በመጨረሻ ተመራርቀው ይለያያሉ። ሳያጣጥል የገዛ ሰው እንደ ሞኝ ነው የሚታየው፤ ሻጩ ራሱ ቅር ይለዋል። ሆኖም አያ ቢያድግልኝ የማያልፉት አንድ ወሰን አላቸው፤ ከሐዘን ቤት ሲገዙ አይከራከሩም። አንድ ጊዜ ባሏ ከሞተባት ሴት በሬ ሊገዙ ሄደው፣ ነገሩን እዚያው ሲሰሙ የጠራችውን ሳያጎድሉ ከፍለው፣ በሬውን እየነዱ ሲያለቅሱ ነው የመጡት። ይህን ቤተ ዘመዱ እያነሳ ይስቃል። ያይኔአበባም ስትስቅ ኖራለች፤ ዛሬ ግን አላሳቃትም። ነገሩን ብትነግራቸው አርባ አምስት ሺህ ክፈይ ይሏታል። የላትም። ስለዚህ ዝም አለች።

«ማሽኑ ሲሠራ ሳላይ አላስገዛሽም፤ የሚታጠብ ነገር ያዢ» ብለዋት ስለነበር የክፍሏን ምንጣፍ ጠቅልላ በገመድ አሰረች። የሰው ምንጣፍ ስታጥብ የራሷን ለማጠብ ጊዜ ያላገኘች ሴት ናት፤ ምንጣፉ ሲገዛ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው እንኳ ትዝ አይላትም። ሚኒባሱ ውስጥ ምንጣፉ ከኋላ ተጋደመ፤ አያ ቢያድግልኝ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው መስኮት ያዙና በየማሳው የቆመውን የእህል ክምር የማን እንደሆነ እየገመቱ ሄዱ። «ይሄ ማሽን የምትይው ስንት ዓመት ያገለግላል?» ሲሉ ጠየቋት። «እንደ አያያዙ ነው አያ፤ በደንብ የያዘው ሰው አሥር ዓመት ይሠራበታል።» «ከበሬ ይሻላላ» ብለው ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ቀኑ ደኅና የሚሆን መሰላት።

ቡሬ ሲደርሱ ለማነጻጸር መጀመሪያ የሄዱት እንዳለው ወደሚባል ሰው ሱቅ ነው። እንዳለው ከነቀምቴ መገንጠያ አለፍ ብሎ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ፍሪጅ፣ የጸጉር ቤት ወንበር፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ ሁሉም ከላዩ ተወልውሎ ከሥሩ አቧራ የቋጠረ። የእሱ ማሽን ቀይ ነው፤ ቀለሙ ያብረቀርቃል። «አዲስ አበባ ትልቅ ሆቴል የነበረ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ያውም ለእናንተ» አለ። ያይኔአበባ ልቧ ሸፈተ፤ ቀዩ ማሽን ሠርግ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ታያት። አያ ቢያድግልኝ ግን ጎማውን በዱላቸው ነካ ነካ አድርገው «እስቲ አስነሳው፤ አሥር አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም ይሥራ» አሉ። እንዳለው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው መድገም ጀምረዋል።

ያይኔአበባ ምንጣፏን ዘርግታ ማሽኑን ያዘች። ማሽኑ በአንድ በኩል የሳሙና ውሃ ይረጫል፣ በሌላ በኩል ቆሻሻውን ስቦ ወደ ታንከሩ ይመልሳል፤ የታንከሩ ክዳን ብርሃን ስለሚያሳልፍ የገባው ሁሉ ይታያል። የገባው ውሃ ጥቁር ነበር። መንገደኛው ቆሞ ማየት ጀመረ። «እህቴ፣ ይሄ ምንጣፍ ነው ማሳ?» አለ እንዳለው፤ የቆሙት ሳቁ። ስምንት ዓመት የሆቴል ክፍል ያጸዳች ሴት የራሷ ጉድፍ አደባባይ ሲወጣ ምን ትላለች? ጎንበስ ብላ መግፋቷን ቀጠለች። ስድስተኛው አቡነ ዘበሰማያት ላይ አያ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን ገለጡ። «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉ። እንዳለው የቀለሙ ሽታ ነው አለ፤ ቀጥሎ የዘይቱ ነው አለ፤ ስምንተኛው ላይ ሞተሩ ራሱ ተንተፋትፎ ቆመና ክርክሩን ጨረሰው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «በሬ ቀለም ተቀብቶ ገበያ ሲወጣ አይቼ አላውቅም» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

የደስታነሽ ቤት ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ገባ ሲሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ፣ ከቧንቧው እስከ አጥሩ ሥር ውሃ የሚወርድበት ቀጭን ቦይ። ሲሚንቶው ለምንጣፍ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያይኔአበባ ወዲያው አወቀች፤ እሷም ስትመኝ የኖረችው እንዲህ ያለውን ግቢ ነውና። ደስታነሽ አጠር ያሉ፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ነጠላቸው ሸርተት ሲል ለሐዘን ዓመቱን ሲላጩት የከረሙት ጸጉር ታየ፤ ገና ማደግ መጀመሩ ነው። ያይኔአበባ አየችው፤ አያ ቢያድግልኝ የሴት ራስ የሚመለከቱ ሰው አይደሉምና አላዩም። «ግቡ እንጂ፣ ቤት የእግዜር ነው» አሉ ደስታነሽ። አያ ቢያድግልኝ ግን ዋጋ ሳይቆረጥ የሻጭ ቤት አይገቡም፣ የሻጭ እህል አይቀምሱም፤ አፍ ይይዛል ይላሉ። «ቆይ እመቴ፣ ሥራችንን እንጨርስና» ብለው ደጅ ቀሩ። ገብተው ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ ያለውን የገነነን ፎቶግራፍ ያዩት ነበር። በተከፈተው በር በኩል ለያይኔአበባ ይታያታል፤ ፈገግ ያለ ቀጭን ወጣት፣ በመስተዋቱ ማዕዘን የፕላስቲክ አበባ የተሰካበት። እሷ በበሩና በአጎቷ መሐል ቆመች። ለምን እዚያ እንደቆመች ራሷን አልጠየቀችም።

ማሽኑ በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ደስታነሽ አንሶላውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። የማሽኑ ቀለም ለቋል፤ አንደኛው ጎማ ያነክሳል፤ ቱቦው ሁለት ቦታ ላይ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እጅ እንዳይላጥ እጀታው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ታንከሩ ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ከመስመሩ በላይ በረጋ እጅ «ከዚህ አታስበልጪ» ተብሎ ተጽፏል። ለእናቱ የጻፈው መሆኑ ለያይኔአበባ ገባት። ማሽኑ ሲነሳ አያ ቢያድግልኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙ። አሥር ሞላ፤ ማሽኑ አልደከመም። አምስት ጨመሩለት። ሄደው ጎኑን በመዳፋቸው ሲዳስሱት ለብ ያለ ብቻ ነው። ከምንጣፉ የሚወጣው ውሃ እየጠራ መጣና ከጥቁሩ ሥር ወይን ጠጅ አበባ ብቅ አለ፤ ያይኔአበባ ምንጣፏ አበባ እንደነበረው ረስታው ኖራለች። ደስታነሽ አጥሩ ላይ ለመስቀል አገዟት፤ ስለ ቆሻሻው ውሃ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «ቆሻሻው ሲወጣ ማየት ደስ ይላል አይደል? ልጄም እሱን ነበር የሚወደው» አሉ ቀስ ብለው። «ነበር» ያሉትን የሰማችው ያይኔአበባ ብቻ ናት።

አያ ቢያድግልኝ ወደ ማጣጣሉ ገቡ። ማሽኑን ወደውታል፤ አብዝተው የወደዱትን ነው አብዝተው የሚያጣጥሉት። «እመቴ፣ ይሄ እኮ ያነክሳል።» «ጎማ ነው፣ ይቀየራል» አሉ ደስታነሽ። «ቱቦውም ቁስል በቁስል ነው።» «ታክሞ ድኗል።» ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ፤ የገበሬ ልጅ ናቸውና ወጉን ያውቁታል። አንዱ ሲጥል አንዱ ሲያነሳ ቆዩ። ደስታነሽ አርባ ድረስ ወረዱ፤ አያ ቢያድግልኝ ከሃያ አምስት ተነስተው ሠላሳ ደረሱና ቆሙ። ያይኔአበባ አርባን ስትሰማ ልቧ ወረደ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የማሽኑን ፊት ተመለከቱና በበሬ ገበያ መጨረሻ ላይ የሚያወጧትን ቃል አወጡ። ግንባሩ ላይ የጠጉር አዙሪት ያለበት በሬ ገድ የለውም፣ ባለቤቱን ይበላል ይባላል፤ ገዢ አዙሪቱ ባይኖርም አለ ይላል፤ ሻጭ ወይ ይስቃል ወይ ይምላል። «ይሄማ ጌታውን የበላ ነው እመቴ፤ ደኅና ቢሆን ጌታው መች ጥሎት ይሄድ ነበር» አሉ እየሳቁ።

ከምንጣፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ደስታነሽ ሽማግሌውን አላዩም፤ ያይኔአበባን አዩ። ጠዋት ሁሉንም ነግረዋታል። ሰው ይዛ ስትመጣ ለሰውየው ነግራው ነው የምትመጣው ብለው ነው ያሰቡት፤ እንዲህ ያለው ቃል እያወቀ ከሚናገር ሽማግሌ አፍ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም። ያይኔአበባ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፤ «አያ፣ ተዉ» ብትል ይበቃ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ሠላሳ ሺህ የሚለው ግን ቀድሞት ጆሮዋ ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ ብላ የቱቦውን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመረች፤ ማሰሪያው ቀድሞውኑ ጠብቆ ነበር። «ያሉትን ይስጡኝና ይውሰዱት» አሉ ደስታነሽ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቸኮለ። ደስታነሽ ብሩን ሳይቆጥሩ ጨብጠው፣ በሌላ እጃቸው አንሶላውን መልሰው ማሽኑ ላይ ጣል አደረጉት። «አቧራ አይወድም» አሉ። አያ ቢያድግልኝ ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ግብይት ያለ ምርቃት አይፈጸምማ። ደስታነሽ ግን አሜን ለማለት አልቆሙም፤ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሽማግሌው የተዘረጋ እጃቸውን አዩት። ያይኔአበባ ባጃጅ ልትጠራ እየሮጠች ነው። «ምንጣፍሽስ?» ሲሏት «ይድረቅ አያ፣ ሌላ ቀን እወስደዋለሁ» አለች፤ ያን ግቢ ቶሎ ለቃ መውጣት እንጂ ምንጣፍ አልታያትም። «በጣም ቶሎ ለቀቁልን» አሉ አያ ቢያድግልኝ ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ። ደስ ያላቸው አይመስሉም።

ባለባጃጁ ማሽኑን ሲያስተካክል አንሶላውን ገለጥ አድርጎ አየ። «የገነነ ማሽን ናት ይቺ» አለ። መንገድ ሲጀምሩም ወሬውን አላቆመም። «አብረን ነው ያደግነው። አምና አረፈ፤ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። እትዬ ደስታነሽ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይቺን ማሽን ዓመት ሙሉ ለሰው አላሳዩም፤ ለእናንተ መስጠታቸው ገርሞኛል።» አያ ቢያድግልኝ ወደ ባለባጃጁ ጠጋ አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ዳር አድርገህ አቁምልኝ» አሉ። ባጃጁ ቆመ። ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ።

«ታውቂ ኖሯል?»

«አላወቅሁም» አለች ያይኔአበባ።

ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አላገኘችለትም። አያ ቢያድግልኝ ፊቷን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። የጠዋቱ «ነፍስ ይማር» በመሐላቸው ነበር፤ «የሩቅ ሰው ነው» ያለችውም እንደዚሁ። ሁለቱም ያስታውሱታል። ዘመድ ናቸውና አላነሱባትም፤ ዘመድ ናትና አለማንሳታቸውን አወቀችው። «እንግዲያማ የሰደብሁት እኔ ነኝ» ብለው ወረዱ። መንገዱ ዳር ለመንገድ ንጣፍ የተፈለጠ ድንጋይ ተቆልሏል። ወደዚያ ሄደው አንዱን ያነሱና ይመዝኑታል፣ ቀለል ሲላቸው ይጥሉታል፤ የበደለ የአገራቸው ሰው ሁሉ የተበደለው ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው፤ ትንሽ ድንጋይ ይዞ መሄድ ደግሞ ሌላ ንቀት ነው። ያይኔአበባ ተከትላቸው ወረደች። «አያ፣ በቃል ይቅርታ ብንላቸው አይበቃም? ከተማ ነው እኮ፣ ሰው ያየናል።» «ደጃቸው ቆሜ ነው የሰደብኋቸው፤ ደጃቸው ቆሜ እሸከማለሁ» አሉ። አንዱን ትልቅ ድንጋይ መርጠው አንገታቸው ላይ አወጡት። ስለ ዋጋው ምንም እንዳላነሱ ያይኔአበባ ልብ አለች፤ ልብ ብላም ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ ቀለል ማለቷ አሳፈራት፤ በዚያ ቀን ካሳፈራት ሁሉ የባሰው ይህ ነበር።

ባጃጁ በቀስታ ከኋላቸው ተከተለ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ጎብጠው፣ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን አንገታቸው ላይ ይዘው በመጋዘኖቹ መሐል ሲያልፉ እህል የሚያወርዱት ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ተነሱላቸው። አንዳቸውም አልሳቁም። ያይኔአበባ የአጎቷን ዱላ ይዛ ከጎናቸው ትሄዳለች። የሚያያት ሰው ሁሉ ደግ ልጅ ናት፣ ሽማግሌዋን ታጅባለች እንደሚል ታውቃለች። ሰማያዊውን በር ያንኳኳችው እሷ ናት።

ደስታነሽ በሩን ከፍተው ያዩትን ሲያዩ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «እመቴ፣ ሳላውቅ ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ እንዳለ። «ልጅዎ ማረፉን አሁን ከሰው አፍ ሰማሁ። ሳልጠይቅ መናገሬ በደል ነው። ስለ እሱ ነፍስ ብለው ይማሩኝ።» «በስመ አብ፣ ይማርዎት፣ ይማርዎት፣ ይውረድ አባቴ» ብለው ደስታነሽ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሳላውቅ የሚለው ቃል የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ብለው ያይኔአበባን አዩ። ያይኔአበባ ጉዷ አሁን ሊወጣ መሆኑን አውቃ ጠበቀች፤ በጠዋት በስልክ ነግሬሽ የለም ወይ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ደስታነሽ ግን «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ እንደገቡ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር» አሉ። ድንጋዩን ከሽማግሌው አንገት አወረዱና ለያይኔአበባ አቀበሏት። «ያዢ» አሉ። ከዚያ አያ ቢያድግልኝን በክንዳቸው ደግፈው ወደ ቤት አስገቧቸው።

ያይኔአበባ ድንጋዩን ታቅፋ ግቢው መሐል ቆመች። ከባድ ነው፤ አጎቷ ሲሸከሙት ይህን ያህል አልመሰላትም ነበር። አስቀምጪው ያላት የለም፣ ያዢው ብሎ የሚቆጣጠራትም የለም። ከውስጥ አያ ቢያድግልኝ ፎቶግራፉ ፊት ቆመው «ምነው ልጄ፣ ምነው» ሲሉ ይሰማታል፤ ደስታነሽ ወንበር ያቀርቡላቸዋል። ምንጣፏ አጥሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ወይን ጠጅ አበባው ፀሐይ መቶት ደምቋል። ቢያጋልጧት ትለምን ነበር፣ ታለቅስ ነበር፣ ችግሯን ታወራ ነበር። ደስታነሽ ግን ደበቁላት። ድንጋዩን ወደ ላይ አነሳችና አንገቷ ላይ አደረገችው፤ መንበርከክ የለመደ ጉልበቷንም እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አሳረፈች።

«አውቅ ነበር» አለች። ድምፅዋ ስላልወጣላት ደገመችው። «አያ፣ አውቅ ነበር። ጠዋት ነግረውኛል። የቀረኝንም ብር እሰጣለሁ።»

የሽማግሌው እግር በሩ ድረስ ሲመጣ ሰማች። ቀና ማለት አትችልምና የሚታያት የላስቲክ ጫማቸው ጫፍ ብቻ ነው። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። «ይመለሱ አባቴ» አሉ ደስታነሽ ከውስጥ፣ ድምፃቸው ሳይከር። «የብሩን በኋላ እንነጋገራለን። የእርስዎን ቶሎ ያወረድሁት ሳያውቁ ስለሆነ ነው። እሷ ትንሽ ትቆይ።» ጫማው ባለበት ቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ተመለሰ፤ ወንበሩ ከክብደት ሥር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ አያ ቢያድግልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመሩ። ያይኔአበባ በልቧ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው ላይ ክንዷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሥር ሲሞላ መጥተው እንደሚያነሱላት አስባ ነበር። አሥር ሞላ። አያ ቢያድግልኝ አላቆሙም።